የተቃጠለ ሳተላይት አይጠፋም፦ የምህዋር መጨናነቅ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሥራውን የጨረሰ ሳተላይት መጨረሻው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ወደ ከባቢ አየር ይመለስና ተቃጥሎ ይጠፋል» የሚል ነው። መቃጠሉ እውነት ነው፤ መጥፋቱ ግን እውነት አይደለም። ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ሊቲየምና ፕላስቲክ በከፍተኛ ሙቀት ሲቀልጥና ሲተን መልኩን ይለውጣል እንጂ ከዚህ ዓለም አይወጣም፤ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ከራሳችን በላይ ባለው አየር ውስጥ ይቀራል። በዓመት የሚላኩት ሳተላይቶች መቶ ገደማ በነበሩበት ዘመን ይህ ጉዳይ ብዙም አላሳሰበም። ዛሬ ግን በዓመት የሚላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ምህዋሩ ራሱ፣ ከምህዋሩ በታች ያለው አየር፣ አልፎ ተርፎም የሌሊቱ ሰማይ እንደ ወንዝና እንደ ደን ሁሉ ሊጎዳ የሚችል የአካባቢያችን ክፍል መሆኑን መቀበል ግድ ሆኗል።

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት፣ የሶቪየት ኅብረቱ ስፑትኒክ፣ ወደ ምህዋር የወጣው በጥቅምት 1957 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ስድሳ ዓመታት በሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ቁጥር ቀስ በቀስ አድጎ በ2019 መጀመሪያ ላይ 2,000 ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኢንተርኔት የሚያቀርቡትን የስታርሊንክ ሳተላይቶቹን በአንድ ሮኬት ስድሳ ስድሳ እያደረገ መላክ ጀመረ። በ2025 በሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ቁጥር ከ10,000 አልፏል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዚህ አንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው። በስድሳ ዓመት የተከማቸው በስድስት ዓመት ብቻ አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አማዞንም ከ3,200 በላይ ሳተላይቶችን ለማሰማራት ፈቃድ አግኝቶ መላክ ጀምሯል፤ ቻይና ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ10,000 በላይ ሳተላይቶች እንዲኖሯቸው የታቀዱ ሁለት መረቦችን እየዘረጋች ነው።

ይህን ያህል ሳተላይት ለምን አስፈለገ? ለቴሌቪዥን ሥርጭት የሚያገለግሉት ነባሮቹ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ አብዛኛውን የዓለም ክፍል ይሸፍናሉ። ሆኖም መልእክት ያን ሁሉ ርቀት ሄዶ እስኪመለስ የሚያልፈው ጊዜ ለኢንተርኔት አይመችም። ስለዚህ የስታርሊንክ መረብ የተዘረጋው በ550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ ያለ ሳተላይት ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞራል፤ ከአንድ ስፍራ በላይ የሚቆየውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ አንዱ ሲያልፍ ሌላው መተካት አለበት። በሺዎች የሚያስፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ዕድሜያቸው አጭር ነው። አንድ የስታርሊንክ ሳተላይት አምስት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ሆን ተብሎ ወደ ከባቢ አየር እንዲወርድ ይደረጋል። ኩባንያው ለስታርሊንክ መጀመሪያ ባቀረባቸው ማመልከቻዎች የጠየቀው የሳተላይት ብዛት በድምሩ 42,000 ነበር። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ የሳተላይቶቹ ዕድሜ አምስት ዓመት ሆኖ ቢቀጥል፣ በዓመት ከ8,000 በላይ፣ በቀን ደግሞ ከ20 በላይ ሳተላይቶች እየወረዱ ይቃጠላሉ፤ ያንኑ ያህልም በምትካቸው ይላካሉ። የችግሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መረብ አንዴ ተዘርግቶ አያበቃም፤ አገልግሎቱ እስካለ ድረስ ያለማቋረጥ መላክና ያለማቋረጥ ማቃጠል የአሠራሩ አካል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሳይንቲስቶችን ትኩረት የሳበው የግጭት አደጋ ነበር። በዝቅተኛ ምህዋር ያለ ማንኛውም ነገር በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ ሁለት ነገሮች መንገድ ሲያቋርጡ የሚገናኙበት ፍጥነት በሰከንድ ከ10 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በ1983 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከጉዞዋ ስትመለስ መስኮቷ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ተገኘ። በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ቅሪት ሲመረመር መስታወቱን የመታው ነገር ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ የቀለም ፍርፋሪ መሆኑ ታወቀ፤ ከሌላ ሮኬት ወይም ሳተላይት ገላ ላይ ተልጦ የቀረ ቀለም ነበር። መስታወቱ ተቀየረ። ፍርፋሪ ቀለም ይህን ካደረገ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ብረት አንድን ሳተላይት ከጥቅም ውጪ ማድረጉ አያስገርምም። የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ እንደሚገምተው ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ ቁርጥራጮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከምድር ሆኖ በራዳርና በቴሌስኮፕ በየጊዜው መከታተል የሚቻለው ግን 40,000 ገደማ የሚሆኑትን ትልልቆቹን ነገሮች ብቻ ነው።

የናሳ ሳይንቲስት የነበረው ዶናልድ ኬስለር ከባልደረባው ጋር በ1978 ባወጣው ጥናት የዚህን ነገር መጨረሻ አሳይቶ ነበር። በምህዋር ላይ ያሉት ነገሮች ብዛት ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ፣ አንዱ ግጭት የሚፈጥረው ፍርስራሽ ሌላ ግጭት ያስከትላል፤ ያም ሌላ ፍርስራሽ ይወልዳል፤ በመጨረሻም አዲስ ሳተላይት ባይላክ እንኳ ፍርስራሹ በራሱ እየተባዛ ይሄዳል። በየካቲት 2009 በሥራ ላይ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ሳተላይት ኢሪዲየም 33 እና አገልግሎቱን ጨርሶ በምህዋር ላይ የቀረው የሩሲያው ኮስሞስ 2251 ከሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተጋጭተው መከታተል የሚቻሉ ከ2,000 በላይ ቁርጥራጮች ወጡ። መንግሥታትም አውቀው አባብሰውታል። ቻይና በጥር 2007 የራሷን አሮጌ የአየር ሁኔታ ሳተላይት በሚሳኤል ስትመታ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግባቸው ቁርጥራጮች ተፈጠሩ። ሩሲያ በኅዳር 2021 ተመሳሳይ ሙከራ ባደረገች ጊዜ በዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች፣ የራሷን ዜጎች ጨምሮ፣ ወደ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው ለመጠለል ተገደዋል።

ፍርስራሹ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ከፍታው ነው። በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ስስም ቢሆን፣ አየር ስላለ ፍጥነቱን እየገታ በዓመታት ውስጥ ያወርደዋል። በ800 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ደግሞ ብዙ መቶ ዓመታት። የምድርን አየር፣ ውቅያኖስና በረዶ እንዲከታተል የተላከው የአውሮፓው ኤንቪሳት 8 ቶን ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ በሚያዝያ 2012 ግንኙነቱ ድንገት ከተቋረጠ ወዲህ 770 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ማንም ሳያዝዘው ይዞራል፤ በራሱ እስኪወርድ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ይገመታል። በሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች በበኩላቸው ከግጭት የሚያመልጡት አቅጣጫቸውን በመቀየር ነው። የስታርሊንክ ሳተላይቶች እስከ ግንቦት 2024 በነበረው ግማሽ ዓመት ብቻ ወደ 50,000 የሚጠጋ የማምለጫ እንቅስቃሴ አድርገዋል። ይህ ሁሉ መልካም የሚሆነው ነዳጁ፣ ኮምፒዩተሩና ከምድር የሚሰጠው ትእዛዝ እስካልተቋረጡ ድረስ ነው።

ብዙ ያልተነገረለት ሌላም ነገር አለ። በታችኛው ከባቢ አየር ሙቀት የሚያምቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይኛው ክፍል የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ሙቀትን ወደ ህዋ እየለቀቀ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በሳተላይቶች ከፍታ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፣ ፍርስራሽን ወደ ታች የሚጎትተው ተፈጥሯዊ ጽዳትም ይደክማል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በ2025 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የጋዝ ልቀቱ በከፍተኛ መጠን ከቀጠለ ከ200 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ምህዋር ያለ አደጋ ሊኖር የሚችለው የሳተላይት ብዛት በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሊቀንስ ይችላል።

ለግጭት አደጋ የተገኘው ዋና መፍትሔ ሥራቸውን የጨረሱ ሳተላይቶችን በፍጥነት አውርዶ ማቃጠል ነው። ለምህዋሩ ደኅንነት ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ቆሻሻውን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ያሸጋግረዋል። እንዴት እንደሆነ ቀረብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

የሚወርድ ሳተላይት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አየሩ ይሰማው ጀምሯል። ከፊቱ ያለው አየር ገለል ብሎ ለማሳለፍ ጊዜ ስለማያገኝ ተጨምቆ በሺዎች ዲግሪ ይግላል። እንደ ክንፍ የተዘረጉት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳዎች አስቀድመው ይገነጠላሉ፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዋናው አካል ይበታተናል። የአብዛኞቹ ሳተላይቶች አካል የሚሠራበት አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ይንጠባጠባል፣ ይተናል፣ ከዚያም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተባለ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ስሌት መሠረት 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሳተላይት ሲቃጠል 30 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲህ ያለ ብናኝ ይፈጥራል። በ2022 ብቻ 17 ቶን ያህል እንደተፈጠረ፣ የታቀዱት መረቦች ሁሉ ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ በዓመት ከ360 ቶን በላይ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ብናኙ በጣም ቀላል በመሆኑ ከተቃጠለበት ከፍታ ተነሥቶ የኦዞን ንጣፍ እስካለበት ለመድረስ እስከ 30 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል።

የኦዞን ንጣፍ የፀሐይን ጎጂ ጨረር ከልክሎ በምድር ላይ ያለውን ሕይወት የሚጠብቅ ነው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ራሱ ኦዞንን አይበላም፤ አደጋው ሌላ ነው። በዚያ ከፍታ ክሎሪን ጉዳት በማያደርስ ውሕድ ውስጥ ታስሮ ይገኛል፤ የብናኙ ገጽ ግን ክሎሪኑ ከእስሩ የሚፈታበት ኬሚካዊ ለውጥ እንዲካሄድ ያመቻቻል፤ ነጻ የወጣው ክሎሪንም ኦዞንን ያፈርሳል። ብናኙ በዚህ ሂደት ስለማያልቅ አንዱ ቅንጣት ለዓመታት ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ኦዞንን የሚያጠፉ ኬሚካሎችን ከምርት ውጪ በማድረጉ ንጣፉ ቀስ እያለ በማገገም ላይ ነው። የሰው ልጅ ተስማምቶ ካስተካከላቸው ጥቂት ታላላቅ ጥፋቶች አንዱ በሆነው በዚህ ነገር ላይ አዲስ ጫና መጨመር ቀላል ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም።

ብናኙ በስሌት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በእጅ ተይዟል። በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ተመራማሪዎች ከፍ ብለው በሚበሩ የምርምር አውሮፕላኖች 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ የሰልፈሪክ አሲድ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ መርምረው፣ ከትላልቆቹ ቅንጣቶች 10 በመቶ ያህሉ ከተቃጠሉ ሳተላይቶችና ሮኬቶች የመጣ አሉሚኒየምና ሌሎች ብረቶች እንደያዙ አገኙ። ከተገኙት መካከል ኒዮቢየምና ሃፍኒየም ይገኙበታል። እነዚህ ሁለቱ ሙቀትን ለሚቋቋሙ የሮኬት ክፍሎች መሥሪያ የሚውሉና በተፈጥሮ በዚያ ከፍታ የማይጠበቁ ብረቶች በመሆናቸው ምንጫቸው አላጠራጠረም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ። በየቀኑ በአሥር ቶኖች የሚቆጠር የህዋ አቧራና ተወርዋሪ ኮከብ ወደ ከባቢ አየር እየገባ ይቃጠል የለም ወይ? አዎን፤ ነገር ግን የተፈጥሮው አቧራ በብዛት የያዘው ሲሊኮን፣ ማግኒዥየምና ብረት ነው፤ አሉሚኒየም በውስጡ ጥቂት ነው። ሳተላይት ግን በአመዛኙ አሉሚኒየም ነው። በዚሁ የ2023 ጥናት መሠረት ከተቃጠሉ ሳተላይቶችና ሮኬቶች ወደ ስትራቶስፌር (የኦዞን ንጣፍ ወደሚገኝበት የከባቢ አየር ክፍል) የሚገባው አሉሚኒየም፣ መዳብና ሊቲየም ከተፈጥሮው አቧራ ከሚገኘው መጠን አስቀድሞ በልጧል። ስለዚህ ጠቅላላ ክብደትን ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

ወደ ላይ የሚደረገው ጉዞም የራሱ ጉዳት አለው። ብዙዎቹ ሮኬቶች የሚያቃጥሉት ኬሮሲን ሲሆን፣ ጥላሸቱን በቀጥታ ወደ ስትራቶስፌር ይለቃሉ። ከመኪና ወይም ከፋብሪካ የወጣ ጥላሸት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል፤ ስትራቶስፌር ውስጥ ግን ዝናብ ስለሌለ ለዓመታት እየቆየ የፀሐይን ሙቀት ይስባል። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ከሮኬት የሚወጣው ጥላሸት ከባቢ አየርን በማሞቅ ረገድ በምድር ላይ ከሚወጣው 500 ጊዜ ያህል እንደሚበረታ አስልቷል። ጠጣር ነዳጅ የሚጠቀሙ ሮኬቶች ደግሞ ክሎሪንና አሉሚኒየም ኦክሳይድን አብረው ይለቃሉ።

የማይቃጠለውም ይወድቃል። በጥር 1978 የሶቪየት ኅብረት ንብረት የነበረው ኮስሞስ 954 የያዘውን የኑክሌር ማብለያ እንደያዘ በሰሜናዊ ካናዳ ላይ ተሰባብሮ ጨረር አመንጪ ቁርጥራጮች በሰፊ ምድር ላይ ተበትነዋል። በመጋቢት 2024 ከዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ የተጣለ የባትሪ መያዣ ቁራጭ በፍሎሪዳ የአንድ ቤተሰብ ቤት ጣሪያ በስቷል። በዚያው ዓመት ታህሣሥ ማብቂያ በኬንያ ማኩዌኒ ግዛት 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ወድቆ፣ የአገሪቱ ህዋ ኤጀንሲ ከማስወንጨፊያ ሮኬት የተለየ ክፍል መሆኑን ገልጿል። ይህን ለመከላከል ንድፍ አውጪዎች ሳተላይቱ ምንም ሳይተርፍ ተቃጥሎ እንዲያልቅ አድርገው ይሠሩታል። ምድር ላይ ላለው ሰው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳተላይቱ ይበልጥ በተቃጠለ መጠን አየር ውስጥ የሚቀረው ብናኝ ይበዛል። ከምህዋር ወደ አየር፣ ከመሬት ወደ አየር፤ ሁለቱም መፍትሔዎች የሚገፉት ወደዚያው ነው።

የሌሊቱ ሰማይም እየተለወጠ ነው። ሳተላይቶች ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላና ከንጋት በፊት የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቁ በቴሌስኮፕ ምስሎች ላይ ነጭ መስመር ይተዋሉ። በቺሊ ተራራ ላይ የተተከለውና በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን ያሳየው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ሰፊ የሰማይ ክፍል በአንድ ጊዜ እንዲያይ የተሠራ በመሆኑ ይህ ጉዳት ከሚበረታባቸው አንዱ ነው። የሬዲዮ ቴሌስኮፖችም ከሳተላይቶቹ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች በሚያፈተልክ ሞገድ ይረበሻሉ። ኩባንያዎች ሳተላይቶቻቸውን ለማደብዘዝ ጥረት አድርገዋል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ግን ጥረቱ ይዋጣል።

ሕጉ ከዚህ ሁሉ ኋላ ቀርቷል። የ1967ቱ የህዋ ውል መንግሥታት ጎጂ ብክለት ከማድረስ እንዲቆጠቡ ይጠይቃል፤ የ1972ቱ ስምምነት ደግሞ በምድር ላይ ለሚደርስ ጉዳት አስወንጫፊውን አገር ተጠያቂ ያደርጋል፤ ካናዳም ለኮስሞስ 954 ሦስት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሣ አግኝታለች። በኦዞን ላይ ቀስ እያለ የሚደርስ ጉዳት ግን የማን ሳተላይት እንዳደረሰው አይለይም፣ የሚካሰውም አንድ አገር አይደለም። ብዙዎቹን ትላልቅ መረቦች የሚፈቅደው የአሜሪካ ፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2022 ባወጣው ደንብ፣ በዝቅተኛ ምህዋር ያሉ ሳተላይቶች ሥራቸውን ከጨረሱ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲወገዱ አዝዟል፤ ቀድሞ የነበረው መመሪያ 25 ዓመት ይፈቅድ ነበር። ይሁንና ይኸው ኮሚሽን ከ1986 ጀምሮ ለሳተላይት የሚሰጠውን ፈቃድ ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነጻ አድርጎ ቆይቷል። ያኔ የሚላኩት ጥቂት ስለነበሩ ውሳኔው ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን የአሜሪካ መንግሥት የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ይህ ነጻነት ተገቢ መሆኑ እንዲመረመር ጠይቋል።

ሳተላይት አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ፣ የድርቅ ክትትል፣ የአየር ንብረት ለውጥ ልኬት፣ ኬብል በማይደርስበት የሚኖር ሰው ግንኙነት፣ ሁሉም በእነሱ ላይ የቆመ ነው። ጥያቄው የብዛትና የአሠራር ነው። አምስት ዓመት የሚያገለግለው ሳተላይት አሥራ አምስት ዓመት እንዲያገለግል ቢደረግ የሚቃጠለው በሦስት እጥፍ ይቀንሳል፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ለተመሳሳይ አገልግሎት የየራሳቸውን ሙሉ መረብ ከመዘርጋት ይልቅ አንዱን በጋራ ቢጠቀሙ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2024 መጨረሻ ከማግኖሊያ እንጨት የተሠራ፣ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሳተላይት ወደ ምህዋር ልከዋል፤ እንጨት ሲቃጠል አሉሚኒየም ኦክሳይድ ስለማይፈጥር ሙከራው የሚበረታታ ነው፤ ባትሪውንና የኤሌክትሮኒክ ክፍሎቹን ግን አይተካም። ሌላ የጃፓን ኩባንያ በዚያው ዓመት ከምህዋር ላይ የቀረ አሮጌ የሮኬት ክፍል አጠገብ መንኮራኩር አድርሶ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ትላልቅ ፍርስራሾችን አንድ በአንድ ለማውረድ የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የፈቃድ አሰጣጡ ነው ብዬ አስባለሁ። ፈቃድ የሚጠይቅ ኩባንያ ስንት ሳተላይት በየትኛው ከፍታና በየትኛው የሬዲዮ ሞገድ እንደሚያሰማራ ከሚያስረዳው ባልተናነሰ፣ በየዓመቱ ስንት ቶን ብረት እንደሚያቃጥል፣ ከምን ከምን የተሠራ እንደሆነ፣ የሚያስወነጭፈው ሮኬት ምን እንደሚያቃጥልና ምን ያህል ጥላሸት እንደሚለቅ አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባል። ጉዳቱ በኦዞን ንጣፍ ላይ ተለክቶ እስኪረጋገጥ እንጠብቅ የሚለው ሐሳብ በሌሎች ጉዳዮች ምናልባት ያስኬዳል፤ በዚህ ግን በ2025 የተቃጠለ ሳተላይት ብናኝ ወደ ኦዞን ንጣፍ ወርዶ የሚጨርሰው በ2055 አካባቢ ሊሆን ስለሚችል፣ ልኬቱ በሚገኝበት ጊዜ የሠላሳ ዓመት ብናኝ ከላይ ተከማችቶ ተራውን እየጠበቀ ይሆናል፤ ያንን መልሶ የሚሰበስብ መሣሪያም የለም።